ደጃዝማች በላይ ዘለቀን በቃል ትረካ ለማቅረብ፦ በማን አንደበት ይነገር? የትስ ላይ ይብቃ?

የጣና ዳር ተራኪ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች በሙሉ። የፊታችን ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች የድል ቀን በሚከበርበት ሰሞን፣ እዚህ ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ ስለ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የቃል ትረካ ለማቅረብ በመዘጋጀት ላይ ነኝ። ዝግጅቱ ተውኔት አይደለም፤ መጋረጃም ሆነ ተዋንያን የሉትም። አንድ ተራኪ፣ አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና ክብ ሠርቶ የሚቀመጥ ተሰብሳቢ ብቻ ናቸው። ምክራችሁን የምሻባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው ታሪኩ በማን አንደበት ይነገር የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የት ላይ ይብቃ የሚለው ነው።

በላይ ዘለቀ በከተማችን ስሙ በየዕለቱ የሚነሣ ሰው ነው፤ አየር ማረፊያችን እንኳ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ሆኖም ከወጣቶች ጋር ስጨዋወት አብዛኞቹ «ጣሊያንን ያርበደበደ ጀግና» ከሚለው አልፈው የሚናገሩት የላቸውም። አባቱ ዘለቀ ላቀው በመንግሥት ሹም በተላከ ጦር መገደላቸውን፣ እሱም ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የሸፈተ ሰው እንደነበር፣ በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን በብቸና ዙሪያና በአባይ በረሃ ጦር አደራጅቶ ሲዋጋ ለተከታዮቹ ማዕረግ እየሰጠ ለራሱ ግን ስሙን ብቻ ይዞ እንደቀረ የሚነገረውን፣ ከድል በኋላም በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት መገደሉን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። እኔ እንዲሰማ የምፈልገው ይህ ሁሉ ያለበት ሰው ነው።

አንደበቱን በተመለከተ፣ ተራኪው የበላይን ልብስ ለብሶ፣ ጎፈሬ ጭኖና ዝናር ታጥቆ «እኔ በላይ» እያለ ባይናገር እመርጣለሁ። በላይ በየጦር ሜዳው የተናገረውን ማንም አብሮ እየዋለ አልጻፈለትም። በአፉ የምናኖረው ንግግር ሁሉ የእኛ ድርሰት ሆኖ ሳለ፣ ሰሚው ግን የእሱ ቃል ነው ብሎ ይዞት ይሄዳል። ይልቁንም ታሪኩን የምትነግረን ስንቅ እያዘጋጀች ጦሩን የተከተለች አንዲት ሴት ብትሆን ምን ይመስላችኋል? እሷ የተራኪው ፈጠራ መሆኗ ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገራል። ከፊቷ ገበታ ላይ የበሶ ዱቄት አድርጋ፣ ከቅል ውኃ እየጨመረች፣ በጨው እያሸች ጭብጦ ትጨብጣለች፤ እየጨበጠችም ትናገራለች። ስልቻው እየጎደለ ሲሄድ፣ ጭብጦውም በመዳፏ ውስጥ እያነሰ ሲመጣ፣ ተሰብሳቢው የበረሃውን ዘመን ርዝመት ማንም ሳያስረዳው በዓይኑ ያየዋል። በመጨረሻም ጭብጦውን ለተሰብሳቢው ታድለዋለች።

ስለ ፍጻሜው ግን ጽኑ አቋም አለኝ። እስካሁን የሰማኋቸው የመድረክ ዝግጅቶች ባንዲራው ሲሰቀል፣ ጭብጨባው ሲደምቅ ያበቃሉ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ታሪኩን የሚዘጋ ተራኪ የበላይን ሕይወት እኩሌታ ቆርጦ ያስቀራል ብዬ አምናለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

ዘራፍ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ የተከበረ ነው፤ በአንደበቱ ጉዳይ ግን አልስማማም። የሀገራችን ፉከራ ከጥንት ጀምሮ የሚነገረው በ«እኔ» ነው። ጀግናው ከአለቃው ፊት ቆሞ፣ ጦሩን እየሰበቀ ወይም ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ፣ «ዘራፍ!» ብሎ የአባቱን ስም ጠርቶ፣ የት ቦታ ማንን እንደጣለ፣ ማንን ከሞት እንዳዳነ ይናገራል። ሕዝባችን የጀግናን «እኔ» ለመስማት እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ሰው ከመቀመጫው የሚነሣው፣ ሴቱ እልል የሚለው ያን ጊዜ ነው።

በበሶ ዱቄት ፊት የተቀመጠች ሴት ብቻ የምትተርከው ከሆነ ጦርነቱ ከሩቅ እንደሚሰማ ተኩስ ሆኖ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ። የዚያን ዘመን ጦረኛ እንዴት እንደሚቆም፣ ምንሽሩን ወይም ውጅግራውን በየትኛው ትከሻው እንደሚያነግት፣ ቁምጣውን ታጥቆ ገደል ሲወርድ እግሩን እንዴት እንደሚያሳርፍ በሰውነት መታየት አለበት። ወጣቱ በስልኩ መስኮት የውጭ ሀገር ጀግና እያየ ባደገበት ዘመን፣ የራሱን ጀግና ሙሉ ቁመት የሚያሳየው ሰው ሊነፈገው አይገባም።

---

የእነማይ ልጅ (ብቸና)

ሁለታችሁም ለአባቶቻችን ያላችሁ አክብሮት ደስ ብሎኛል። እኔ ያደግኩት በላይ በሚታወቅበት አገር ነው። በእኛ ዘንድ ከእነማይ እስከ ሸበል በረንታ፣ ከዚያም ቁልቁል እስከ አባይ ድረስ፣ አያቱ ከበላይ ጋር የዘመተ፣ ወይም ዘመተ ተብሎ የተነገረለት ቤተሰብ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ትረካ አለው፤ ትረካዎቹም ሁልጊዜ አይገጥሙም። ስለዚህ በላይን ራሱን አድርጎ የሚናገር ተራኪ ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ልጄ፣ እንዲህ አላለም» ቢሉት መልስ የለውም። ስንቅ አዘጋጇ ሴት ግን «አባባ፣ እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ እርስዎ የሰሙትን ይንገሩንማ» ብላ ቦታ ልትለቅላቸው ትችላለች። ይህ ሲሆን ትረካው አይሰበርም፤ ይልቁንም ይሰፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሴትዮዋ በዓይኗ ያየችውን ስትናገር በቀጥታ ትናገር፤ ከሌላ የሰማችውን ስትናገር ደግሞ እንደ አገራችን ወግ «አሉ» ብላ ትዝጋው። ለማዕረግ ያለመጓጓቱ ነገር፣ ስለ ልጅነት መሐላው የሚነገረው፣ ጥይት ይስተው ነበር የሚባለው ሁሉ በ«አሉ» ውስጥ ይግባ። አባቱ መገደላቸው፣ ታናሽ ወንድሙ እጅጉ ከጎኑ መዋጋቱ፣ የፍጻሜው ፍርድ ግን ያለ «አሉ» ይነገሩ። የጎጃም ሰሚ ልዩነቱን በጆሮው ይለየዋል፤ ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

---

ባለ ማሲንቆ

የማሲንቆ ተጫዋች እንደ ማጀቢያ ብቻ መታሰቡ ቅር አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ጦርነት ውስጥ የአዝማሪ ድርሻ የማጀብ ብቻ አልነበረም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረና የአዲስ አበባ ሕዝብ ከተጨፈጨፈ በኋላ፣ ይኸው ግራዚያኒ በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲገደሉ አዝዟል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ከገበያ ገበያ፣ ከደጀ ሰላም ደጀ ሰላም እየዞሩ የጣሊያን ዘመን እንደማይዘልቅ ለሕዝቡ ይነግሩ ነበር። አውሮፕላንና የመርዝ ጭስ የነበረው ወራሪ አንድ የጭራ ክር ብቻ ያለውን መሣሪያ ፈርቶ በሞት ቀጥቷል ማለት ነው። እናንተ ልታደርጉት ያሰባችሁት ነገር፣ ማለትም በተሰበሰበ ሰው ፊት ስለ አርበኛ መናገር፣ በዚያ ዘመን አንገት የሚያስቀጣ ሥራ ነበር። ይህ በትረካው ውስጥ መነገር አለበት፤ የሚናገረውም አዝማሪው ራሱ ቢሆን ይገባል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ተራኪዎች ሁለት እንዲሆኑ ነው። ሴትዮዋ ያየችውን ትናገር፤ አዝማሪው ደግሞ በየአገሩ ሲዞር የሰማውን ያምጣ። እሷ በምትኖርበት በረሃ ውስጥ ሆና ልታውቀው የማትችለውን፣ የአዲስ አበባውን ጭፍጨፋ፣ በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ከስደት በሱዳን ወሰን ባለችው በኦሜድላ በኩል መግባታቸውን፣ የሚያመጣላት እሱ ይሁን። ከዚያም «ተቀበል!» የሚለውን የአዝማሪ ቤት ልማድ ተጠቀሙበት። ከተሰብሳቢው አንዱ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። በከተማችን አዝማሪ ቤቶች በየማታው የሚደረግ ነገር ስለሆነ ሰው አያፍርም። ስንኙ የተዘጋጀ ባይሆን ይመረጣል፤ ያን ዕለት የመጣ ሰው ስለ በላይ የሚሰማውን በራሱ ግጥም ይናገር።

---

ድምፅና መብራት

አጭር ምክር ብቻ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ገብቶ ያንሾካሽካል፤ ስለዚህ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ብትጀምሩ ይሻላል። ተራኪዋ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ከምትቀመጥ ፊቷን ወደ ሐይቁ ብታዞርና ሰዉ ጀርባውን ለውኃው ቢሰጥ፣ የጀልባው እንቅስቃሴ የተሰብሳቢውን ዓይን አይወስድባትም። ማሲንቆውም የእርጥበቱ ነገር ያሰጋዋል፤ ቆዳው እንዳይላላ ከመጀመሩ በፊት ከከሰል አጠገብ ይቆይ። ሰዉ ከመቶ የማይበልጥ ከሆነ ድምፅ ማጉያውን ጨርሶ ተዉት። በሶው ሲታሽ የሚሰማው ድምፅ ለፊተኛው ረድፍ ብቻ ቢሰማም ምንም አይደለም።

---

የታሪክ ተማሪ

ጠያቂው «የት ላይ ይብቃ» ብለው ያነሡት ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳልና በእሱ ላይ ላተኩር። የበላይ ፍጻሜ ሊነገር የማይችለው አሳዛኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ወደዚያ ፍጻሜ የሚወስደው መንገድ አከራካሪ ስለሆነም ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የጣሊያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ ወደ አባይ ሲሸሽ፣ በሸፈርታክ መሻገሪያ በኩል በላይ መንገዱን ይዘጋዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ጦሩ ግን ተሻገረ። በዘመቻው የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች፣ ለጣሊያን ያደሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን እድርልሃለሁ ብለው ስላባበሉት ነው ሲሉ ጽፈዋል። በጎጃም ብዙ ሰው ይህንን አይቀበልም፤ በአምስት ዓመት ውጊያ የደከመ የገበሬ ጦር፣ መድፍ ይዞ የሚሸሽን ሠራዊት በጠባብ ገደል ለማስቆም ምን ያህል አቅም ነበረው የሚለው ጥያቄም የሚናቅ አይደለም።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፤ ተራኪዋ በሸፈርታክ ዝም ብላ ታልፋለች ወይስ ትናገራለች? እኔ ትናገር እላለሁ። ነቀፋውን የሰማ ሰው ሁሉ ትረካው እንደሸሸው ካወቀ ከዚያ በኋላ የምትለውን ሁሉ ይጠራጠራል። ነቀፋውንም መከላከያውንም ሰምቶ ራሱ እንዲፈርድ የተተወ ሰው ግን እስከ መጨረሻው አብሯት ይሄዳል።

ከድል በኋላ ያለውም እንዲሁ ነው። የደጃዝማችነት ማዕረግና የብቸና ግዛት ተሰጠው። ከእሱ ያነሰ የተዋጉ፣ አንዳንዶቹም ለጣሊያን ያደሩ ሰዎች የበለጠ ክብር ሲያገኙ ማየቱ ቅሬታ እንዳሳደረበት ይነገራል። ቅሬታው ወደ አመፅ አደገ፤ በሶማ አምባ ላይ ተከቦ ከመንግሥት ጦር ጋር ከተዋጋ በኋላ እጁን ሰጠ። አዲስ አበባ ታስሮ ሳለ ለማምለጥ ሞክሮ ተያዘ፤ ተሰቀለም። አብሮት ከተሰቀሉት አንዱ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነው፤ የራስ ኃይሉ ልጅ፣ በጣሊያን ዘመን ለወራሪው የዘመተ ሰው። ለአምስት ዓመት በአንድ አገር ላይ በተቃራኒ የተሰለፉ ሁለት ሰዎች በአንድ እስር ቤት ተገናኝተው፣ አብረው ለማምለጥ ሞክረው፣ አብረው ተሰቀሉ። የትኛው ደራሲ ይህን ከራሱ አመንጭቶ ሊያቀርበው ይደፍራል? ይህንን ትቶ በባንዲራ መስቀል መጨረስ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው።

---

መምህርት ከሽምብጥ

እንደ አስተማሪ የምጠይቀው አለ። በድል ቀን ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። ስቅላት በሕፃናት ፊት እንዴት ይነገራል? ከልምዴ እንደማውቀው ልጆች ሞትን ለመስማት አቅም ያንሳቸዋል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ተረቶቻችን በሞት የተሞሉ ናቸው። የሚያስደነግጣቸው የገመዱና የመስቀያው ዝርዝር ነው። «ፍርድ ቤት ፈረደበት፤ በአደባባይ ተገደለ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን አይቀሬ ነው፤ «ጣሊያንን ካሸነፈ ለምን ገደሉት?» ይላሉ። ተራኪዋ ለዚህ ጥያቄ መዘጋጀት አለባት። «እንዲህ ስለሆነ ነው» ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትዘጋው ልጁ ዝም ይላል እንጂ አያምናትም። ማዕረግ ስለ ማጣት፣ ስለ ተከፋ ሰው፣ ሁለተኛ አመፅ ስለሚፈራ መንግሥት በልጅ ቋንቋ መናገር ይቻላል፤ እኔ በክፍል ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ልጆቹም ከእኛ ከትልልቆቹ በተሻለ በሁለቱም ወገን ቆመው ይከራከራሉ።

ደግሞም ለ«ዘራፍ» አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ ትልልቅ ሰዎች በልጅነታቸው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ እንዴት እንዳደመጡት ሲናገሩ ሰምተህ ታውቃለህ ብዬ እገምታለሁ። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ ነበር። ሰሚው ግን የሰዎቹን መልክ እስከ ልብሳቸው ድረስ ይነግርሃል።

---

ዘራፍ

መምህርት፣ ስለ ወጋየሁ ያነሡት ልክ ነው፤ አልክድም። ቢሆንም ፉከራው ሙሉ በሙሉ እንዲቀር አልፈልግም። እንዲህ ቢሆንስ? ሴትዮዋ ተቀምጣ ስትተርክ ከተሰብሳቢው መካከል አንድ ሰው በድንገት ተነሥቶ ይፎክር። በላይን ሆኖ አይደለም፤ ከበላይ ጦረኞች አንዱን ሆኖ፣ ስሙ ባልተመዘገበ ሰው አንደበት። ዘራፍ ብሎ፣ አለቃው በላይ መሆኑን ጠርቶ፣ ተመልሶ ይቀመጥ። አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ከተደጋገመ ኃይሉን ያጣል።

---

የደጋ ዳሞት ሴት

የፍጻሜውን ነገር ስታወሩ ሁላችሁም ምን ይባል እያላችሁ ተጨነቃችሁ፤ እንዴት ይባል የሚለውን ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን አስቀድመው ሠርተውታል። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት በለቅሶው ሜዳ ላይ ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ካለውም ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል። አልቃሿ በመካከል ቆማ የሟቹን ሕይወት ከልደቱ እስከ ሞቱ በሙሾ ትዘረዝራለች፤ ጀግንነቱን ብቻ ሳይሆን የቀረበትን፣ የከዳውን፣ ያልተፈጸመለትን ሁሉ ታነሣለች። ፈራጅ አትሆንም፤ ነገር ግን አንድም ነገር አትተውም። መንግሥት የቀጣውን ሰው እንኳ አልቃሿ በሰምና ወርቅ ታወድሰው ነበር፤ ማንም ሊከሳት አይችልም። ስለዚህ ከጥር 1937 በኋላ ያለው ክፍል በተራ ንግግር ሳይሆን በሙሾ ይነገር። ስንቅ አዘጋጇ ሴት እዚያ ላይ ተነሥታ ትቁም፤ አልቃሽ ትሁን። በሶው የነበረበት ገበታ ይነሣ፤ በቦታው ጋቢና ጠመንጃ ይቀመጥ።

እኔ ራሴ የገጠምኩትን አንድ ስንኝ ልስጥ፤ ማንም ቢጠቀምበት ደስታዬ ነው፦

ጥይት ያልደፈረው የአባይ በረሃ ሰው፣
በአዲስ አበባ ላይ ገመዱ ጨረሰው።

ሙሾ ሲባል ግን ዜማውን ለማያውቅ ሰው አትስጡት። የለቅሶ ዜማ በቀረርቶ ዜማ ከተዜመ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያዝናል።

---

የጣና ዳር ተራኪ (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያገኘሁት ከጠየቅሁት ይበልጣል። እንግዲህ ዝግጅቱን በዚህ መልኩ ለማስተካከል ወስኛለሁ። ተራኪዋ ስንቅ አዘጋጇ ሴት ትሆናለች፤ አዝማሪው ሁለተኛ ተራኪ ይሆናል፤ የግራዚያኒን ትእዛዝ የሚናገረውም እሱ ይሆናል። ፉከራው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከተሰብሳቢው መካከል ይነሣል፤ «ዘራፍ»፣ ፈቃድህ ከሆነ የምትፎክረው አንተ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ሸፈርታክ ላይ ሁለት ድምፅ እንዲሰማ አደርጋለሁ። አዝማሪው የእንግሊዞቹን ነቀፋ ይዞ ይመጣል፤ ሴትዮዋ ደግሞ የጦሩን ድካም፣ የስልቻውን ባዶነት እያሳየች ትመልስለታለች። ማን እንደረታ አይነገርም። እዚያ ላይ ማሲንቆው እንዲቆም እፈልጋለሁ፤ ክርክሩ በዜማ ከታጀበ ሰሚው ወደ አንዱ ወገን ይሳባልና።

ከዚህ ላይ ስለ በላይ አንድ ነገር ካላልኩ ልቤ አያርፍም። ሰውየውን ካጠፋብን ነገር አንዱ የተጣራ ጀግና ለማድረግ ያደረግነው ጥረት ነው። የተከፋ፣ የተቆጣ፣ የተሳሳተም ሊሆን የሚችል ሰው አድርጎ መተረክ ክብሩን አይቀንስም። አባቱን በገዛ አገሩ ሹም ያጣ ልጅ ያው አገር ሲወረር ሳያወላዳ መዝመቱን ያየ ሰው፣ ያ የበደለው መንግሥት በድል ሲመለስ ምን እንደሚጠብቅ፣ ምን እንደሚፈራ ይገባዋል። ሚያዝያ 27 ላይ ካቆምን ያ ሁሉ አይታይም።

የሙሾው ክፍል ግን ያሳስበኛል። ተራኪዋ እንዲሆኑ የታሰቡት እህታችን በትረካ የተካኑ ቢሆኑም በለቅሶ ሜዳ ያደጉ አይደሉም። የደጋ ዳሞት እህቴ፣ ዜማውን ለማስተማር ወደ ባሕር ዳር መምጣት ይችሉ ይሆን? የእነማይ ወንድሜንም እለምናለሁ፤ ታሪኩን በቤታቸው የሰሙ አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት ረድፍ እንዲቀመጡልን ቢያግዙን፣ የመጓጓዣውንና የማረፊያውን ነገር እኛ እንችላለን።

---

የእነማይ ልጅ (ብቸና)

ሽማግሌዎቹን አነጋግራለሁ። አንደኛው ጆሯቸው ስለሚከብድ ከተራኪዋ በስተቀኝ በቅርብ ይቀመጡ፤ መካከል ገብተው ሲናገሩ ደግሞ ማንም እንዳያቋርጣቸው አስቀድማችሁ ለአስተናጋጆቹ ንገሩልን።

---

የደጋ ዳሞት ሴት

እመጣለሁ፤ ግን ብቻዬን አይደለም። ሙሾ ተቀባይ ይፈልጋልና ዜማውን የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ይዤ እመጣለሁ። እህታችንም እስከዚያው ስንኞቹን በቃሏ ታጥና፤ ከወረቀት እያነበቡ ማልቀስ አይሆንም። ጋቢው አዲስ እንዳይሆን፣ ጠመንጃውም የእንጨት እንዳይሆን አደራ። እውነተኛ ጠመንጃ ማቅረብ የሚያስቸግር ከሆነ ዝናሩ ብቻውን ይቀመጥ።